ሊዑል ዛሬም አፕዴት ልኳል

የሞተ ሰው ሆኜ መሥራት የጀመርኩት በምሳ ሰዓቴ ነው፤ ኮሜርስ ሲቲ ውስጥ፣ የመጋዘናችን መኪና ማቆሚያ ላይ። ሠላሳ ደቂቃ አለኝ። ሌላው ሠራተኛ ሳንድዊቹን ሲገምጥ እኔ ላፕቶፔን መሪው ላይ አስደግፌ የሚስቴን ወንድም እሆን ነበር። መስፍን እባላለሁ፣ ፎርክሊፍት ነጂ ነኝ። ፕሮግራመሮቹ ሚስቴ እድላዊትና ወንድሟ ሊዑል ናቸው። አንደኛው ነበር ልበል እንጂ፤ እስካሁን አፌ አልለመደውም።

ሥራቸውን በአጭሩ ልንገራችሁ፤ እኔም እራት ላይ ሲያወሩት እየሰማሁ በሁለት ዓመት ነው የገባኝ። በየአገሩ ያሉ ጥቂት ሺህ ሰዎች ያለ ደመወዝ የሚያቆሙት አንድ የጋራ ሥርዓት አለ። ማንም ሰው የሚፈልገውን ፕሮግራም ከዚያ ወስዶ ኮምፒውተሩ ላይ ይጭናል። እዚያ ውስጥ እያንዳንዱ ፕሮግራም ፓኬጅ ይባላል፣ እያንዳንዱ ፓኬጅም ስሙ የተጻፈ ባለአደራ አለው። ፕሮግራሙን የጻፈው ሰው አዲስ ቨርዥን ሲያወጣ ባለአደራው የቨርዥኑን ቁጥር ይቀይራል፤ ሀሽ የሚሉትን፣ የፋይሉ አሻራ የሆነውን ረጅም የፊደልና የቁጥር ድርድር ይቀይራል፤ ይገነባል፣ ይሞክራል፣ ይልካል። ከዚያ ሌላ ባለአደራ አይቶ ያጸድቃል። ሊዑል ከአዲስ አበባ ይልካል፣ እድላዊት እኛ ከምንኖርባት ከአውሮራ ታጸድቃለች። የሊዑል ፓኬጆች አሥራ ዘጠኝ ነበሩ፦ የግዕዝ ፊደል ቅርጾች፣ የዘመን መቁጠሪያ ማስሊያ፣ የከርሰ ምድር ውሃ የሚያሰላ ነገር። ከእያንዳንዱ ሥር ሁልጊዜ ያችኑ አንድ መስመር ይጽፋል፦ «ገነባሁ፣ ሞከርኩ፣ ይሠራል።» እህትና ወንድም ናፍቆታቸውን የሚወጡት በዚህ ነበር ብል አልተሳሳትኩም።

ሊዑል የሞተው ጥር መጨረሻ ላይ ነው። ለአንድ የውሃ ቁፋሮ ድርጅት ይሠራ ነበር፤ ለመስክ ወደ አፋር ሲወርዱ መኪናቸው ተገለበጠ። እድላዊት የስድስት ወር ነፍሰ ጡር ነበረች። ከዚያ በፊት የነበረው ጽንስ በአምስተኛው ወር ወርዶብናል፤ በዚህኛው ደግሞ ደም ግፊቷ አልወርድ ብሎ ሐኪሟ «ድንጋጤ አደራ» ብላን ነበር።

ወሬው የደረሰው፣ እንደ ደንቡ፣ ለእሷ ሳይሆን ለአክስቷ ለእትዬ ዘርፈሽዋል ነው። እትዬ ዘርፈሽዋል አረጋውያን መንከባከቢያ ውስጥ ሃያ ዓመት የሠሩ፣ የአውሮራን ሐበሻ ግማሹን የዳሩና የቀበሩ ሴት ናቸው። ቤታቸው ጠርተውን ስምንት ሆነን ተቀመጥን። እያለቀስን ነው የመከርነው። መርዶው እስክትወልድ ይቆይ ተባለ።

«መስክ ላይ ነው፣ ኔትወርክ የለም በላት» አሉኝ። «አደራህን፣ ፊትህ እንዳያሳብቅብህ።»

«እትዬ፣ ስልክ ባይደውል ትችለዋለች። እሷ ግን በየጠዋቱ የፓኬጆቹን ገጽ ነው ቼክ የምታደርገው። ሊዑል አፕዴት ከላከ ደህና ነው ትላለች። ሦስት ወር ዝም ያለ ሰው ደግሞ ስሙ ይሰረዛል፤ ባለቤት የላቸውም ተብለው ይጻፋሉ። ያን ካየች አለቀልን።»

«ታዲያ አንተ አትልክለትም?»

 የሊዑል ላፕቶፕ ካቻምና ተሰርቆ ስለነበር የአካውንቱ መግቢያና የፊርማ ቁልፉ ቅጂ እኛ ቤት፣ በመሳቢያ ውስጥ፣ ፍላሽ ላይ ነበር። «እልክለታለሁ» አልኩ። «ጎበዝ!» አሉኝ። እኔም ጎበዝ የሆንኩ መሰለኝ። ሰው ጅል የሚሆነው ጎበዝ በተባለ ማግስት ነው።

የመጀመሪያውን አፕዴት የሠራሁት እያንዳንዷን ፊደል ሦስት ጊዜ እያየሁ ነው። በፎርክሊፍት አንድ ቶን ዕቃ ስምንት ሜትር ከፍ የማደርግ ሰው! ቁጥሩን ቀየርኩ፣ ሀሹን ቀየርኩ፣ ሥርዓቱ ሲገነባው ጠበቅኩ፤ «ገነባሁ፣ ሞከርኩ፣ ይሠራል» ብዬ ጻፍኩ። የሊዑልን ፊርማ አኖርኩበት። ማታ ቤት ስገባ እድላዊት ከሶፋው ሳትነሳ «ሊዑል ዛሬ አፕዴት ልኳል» አለችኝ።

«አየሽ! ደህና ነው ማለት ነው።»

«ደህና ነው» አለች፤ ትራሷንም አስተካከለች።

እንዲህ እያልኩ በሳምንት ሁለት፣ አንዳንዴም ሦስት ላክሁ። መልመዴን አልወደድኩትም። ሊዑል በሕይወት ሳለ የሚወደውን ፓኬጅ አስቀድሜ፣ የሚያማርርበትን አስከትዬ እሠራ ጀመር። አንድ ቀን ገጹ ላይ የእሱን ትንሽ ፎቶ ሳየው ቀድሞኝ የሳቀ መሰለኝና ስክሪኑን አጠፋሁት።

በሦስተኛው ሳምንት ተሳሳትኩ። አለቃዬ በመስኮቱ በኩል እየጠራኝ ነበርና ተቻኩዬ የቨርዥኑን ቁጥር ብቻ ቀይሬ የድሮውን ሀሽ እንዳለ ተውኩት። ይሄ ክፉ ስህተት ነው፤ ሥርዓቱ አይጮህም። በድሮው አሻራ የድሮውን ፋይል ከጓዳው አውጥቶ በአዲሱ ስም ይገነባዋል። ስሙ አዲስ፣ ውስጡ ያው የቀድሞው። ማታ ከሥራ ወጥቼ ሳሽከረክር ነው ትዝ ያለኝ፤ በነጋታው ምሳ ሰዓት ላስተካክለው ብዬ ተውኩት።

በነጋታው ምሳ ሰዓት ላፕቶፑን ስከፍት ተስተካክሎ ጠበቀኝ።

አካውንቱ የሊዑል ነው። ፊርማው የሊዑል ነው። የተላከው ጠዋት፣ እኔ ፎርክሊፍት ላይ ሳለሁ ነው። ከሥሩ እንዲህ ይላል፦ «ትናንት ሀሹን ረስቼ ነበር፤ ይቅርታ። ገነባሁ፣ ሞከርኩ፣ ይሠራል።»

ፀሐዩ መኪናውን አግሎት ነበር፤ እኔን ግን በረደኝ። አጠገባችን ካለው ነዳጅ ማጣሪያ የሚመጣው ሽታ፣ የከባድ መኪኖቹ ድምፅ፣ ሁሉም እንደነበረ ነው። ዓረፍተ ነገሩን አሥር ጊዜ አነበብኩት። «ረስቼ ነበር» ይላል። የረሳሁት እኔ ነኝ! እኔን ተክቶ፣ እኔ እሱን ተክቼ ለሠራሁት ስህተት ይቅርታ የጠየቀው ማነው? ያን ቀን ለሰባት ዓመት ያልሠራሁትን ሠራሁ፤ አንድ ፓሌት ሙሉ ዕቃ ጣልኩ።

እድላዊትን አልጠረጠርኳትም። ለምን ትጠረጠራለች? ወንድሜ በሕይወት አለ ብላ የምታምን ሴት በስሙ ምን ያሠራታል?

ሁለተኛው ነገር የሆነው ክሊኒክ ውስጥ ነው። እድላዊት አልጋ ላይ ተኝታ፣ ሆዷ ጄል ተቀብቶ፣ ሁለታችንም የልጃችንን ልብ ምት እየሰማን ነው። ስልኳ ከቦርሳዋ ጋር ወንበሩ ላይ ነው፤ የእኔ ኪሴ ውስጥ ነው። የፓኬጆቹን ማሳወቂያ ስልኬ ላይ አስገብቼ ነበርና ነዘረኝ። ሰረቅ አድርጌ አየሁ። *ሊዑል አዲስ ለውጥ ልኳል።* የከርሰ ምድር ውሃው ፕሮግራም ነበር።

«ምን ሆንክ?» አለችኝ ከአልጋው ላይ። «ፊትህ አመድ መሰለ።»

«ከሥራ ነው። ሺፍት ቼንጅ አድርገውብኝ።»

ዓይኗን ከፊቴ አላነሳችም። ነርሷ ግፊቷን ለክታ ከንፈሯን ነከሰች፤ አሁንም ከፍ እንዳለ ነው። ወደ ቤት ስንመለስ ሴንትራል ፓርክ በሚባለው ሰፈር በኩል ነዳሁ፤ ባዶ የቆመው የድሮው አውሮፕላን ማረፊያ ማማ ሲታየኝ ከውስጡ ሰው የሚያየኝ መስሎኝ አንገቴን ቀበርኩ። እኔ እንዲህ ዓይነት ሰው አልነበርኩም።

ከዚያ አርባው ደረሰ። በድብቅ ነው ያወጣነው። ቅዳሜ ጠዋት ለእድላዊት ኦቨርታይም አለኝ አልኳት፤ እትዬ ዘርፈሽዋል የማኅበር ስብሰባ አሏት፤ ጎረቤታችን ፀዳል፣ ሁልጊዜ ቅዳሜ ቤታችን የማትጠፋው፣ ልጄን ዋና ላደርስ አለቻት። በአንድ ጠዋት ሁላችንም ተሰወርንባት። ቤተ ክርስቲያኑ ውስጥ ጥቁር የለበስነው አሥራ አንድ ሰዎች ነን። ቄሱ ፍትሐቱን እያደረሱ የክርስትና ስሙን ሲጠሩ ኪሴ ውስጥ ስልኬ ነዘረ። አላወጣሁትም። ደገመ። ከምሰሶው ጀርባ ሄጄ አየሁት። ሚስቴ ናት።

«ሊዑል አሁን አፕዴት ልኳል። የግዕዝ ፊደሎቹን ነው። እያጸደቅኩ ነው።»

 እዚያው ምሰሶው ሥር ቁጭ አልኩ። ቄሱ «ነፍሱን ያሳርፍ» ይላሉ፣ እሱ ፊደል ያድሳል። እትዬ ዘርፈሽዋል መጥተው አጠገቤ ቆሙ፤ መልእክቱን አስነበብኳቸው፤ ያለፈውንም ሁሉ በሹክሹክታ ነገርኳቸው። አማተቡ። እኚያ ሬሳ ሲገንዙ የማይፈሩ ሴት ከንፈራቸው ነጣ።

«አላረፈም» አሉ። «እንዴት ይረፍ? እህቱ አላለቀሰችለትም።»

«እንንገራት?»

«ልጁስ? አንዱን ቀብረን ሌላውን ልንቀብር ነው?» ዓይናቸው እንባ ሞላ። «ትውለድ። ብቻ ያንን ኮምፒውተር አትንካው።»

አልነካሁትም። ሰኞም ማክሰኞም አልላክሁም። እሱ ግን ላከ፤ ሰኞ አንድ፣ ማክሰኞ ሁለት። ሁሉም ንጹሕ ሥራ ነበር፤ ከእኔ ይሻላል። ረቡዕ ምሳ ሰዓት ላይ ከፍርሃቴ ይልቅ ንዴቴ በለጠና የአካውንቱን ማስተካከያ ከፈትኩ። አካውንቱ ከየት ከየት እንደተከፈተ የሚዘረዝር ገጽ አለው፤ ቀድሞም ማየት የነበረብኝ እሱን ነው። ካለፈው ወር ወዲህ ሁለት ቦታ ብቻ አለ። ኮሜርስ ሲቲ፣ እሱ እኔ ነኝ። ሌላው አውሮራ ይላል። የመጨረሻው የዛሬ ሃያ ደቂቃ ነው።

አለቃዬን ሚስቴ አሟታል ብዬ ወጣሁ። መንገዱ ላይ የቀለጠው በረዶ መስታወቴን እየረጨው እንዴት እንደነዳሁ አላውቅም። ሌባ ነው እያልኩ፣ ቤቴ ውስጥ የገባ ሰው ነው እያልኩ፣ ሌላም የማልናገረውን እያልኩ ነው የደረስኩት። በሩን ቀስ ብዬ ከፈትኩ። ለልጁ ካሰናዳነው ክፍል የኮምፒውተር ቁልፍ ድምፅ ይሰማል። ፈጣን ነው፣ እንደ ሊዑል አጻጻፍ።

እድላዊት ነበረች። ገና ተገጣጥሞ ባላለቀው የሕፃን አልጋ ላይ ላፕቶፑን አስቀምጣ፣ ወንበር ላይ ሆዷን አቅፋ ተቀምጣለች። ስክሪኑ ላይ የሊዑል ትንሽ ፎቶ አለ። ዘወር ብላ አየችኝ፤ አልደነገጠችም።

«ዘገየህ» አለች።

«አንቺ ነሽ?»

«ማን ሊሆን ነበር?»

የሕፃኑን ዳይፐር የያዘው ካርቶን ላይ ተቀመጥኩ፤ ሰጠመብኝ። «ታውቂያለሽ» አልኳት።

«ከሦስተኛው ቀን ጀምሮ። ጀርመን አገር ያለ አንድ ባለአደራ ኢሜል ጻፈልኝ። የሊዑል ቢሮ ልጆች ለባለአደራዎቹ አሳውቀው ኖሮ፣ 'ስለ ወንድምሽ ሞት በጣም አዝኛለሁ' ይላል። ሥራ ላይ ነበርኩ። አነበብኩት፣ ዘጋሁት፣ ሚቲንግ ገባሁ።» ድምፅዋ እንደ ሰነድ ንባብ ነበር። «ማታ አንተ መጣህ። ጃኬትህን ሳታወልቅ 'ሊዑል መስክ ነው፣ ኔትወርክ የለውም' አልከኝ። ሸምድደህ እንደመጣህ ያስታውቅብሃል።»

«ታዲያ ለምን ዝም አልሽ?»

«ምን ላድርግ? አልተነገረኝማ! ብቻዬን ተነስቼ እዬዬ ልበል? ጎረቤቱ ፖሊስ ይጠራል። እናንተ ትመጣላችሁ ብዬ ጠበቅኩ። በማለዳ መኪና በቆመ ቁጥር መጡ እያልኩ፣ ተነስቼ ለብሼ ሶፋው ላይ እቀመጣለሁ። የሚመጣ የለም። ቆሻሻ የሚያነሳው መኪና ነው።»

ይሄን ስሰማ ምን እንደተሰማኝ ልንገራችሁ፦ ራሴን ጠላሁት። ጠዋት ጠዋት ለባብሳ ሶፋው ላይ ሳገኛት «ዛሬ በጊዜ ተነሳሽ» እያልኩ ግንባሯን ስሜ ወጥቻለሁ።

«ለልጁ ብለን ነው፣ እድል።»

«አውቃለሁ። እሱ ነው ዝም ያሰኘኝ። ለጀርመኑም ለሌሎቹም ጻፍኩላቸው፤ ገጹ ላይ ምንም እንዳይሉ፣ ቤተሰቡ ገና አልሰማም ብዬ። አልገባቸውም፤ ግን እሺ አሉ።» ትንሽ ፈገግታ መሳይ መጣባት። «የላክኸውን ሁሉ ሳጸድቅልህ ቆየሁ። አንድ ቀን ደግሞ ሀሹን ሳትቀይር ልከህ ከሥሩ 'ሞከርኩ' ትላለህ። የወንድሜን ስም ልታሰድብ?»

ሳቅኩ። ሳቁ መሃል ላይ ወደ ሌላ ነገር ተቀየረብኝና ፊቴን ሸፈንኩ።

«ቅዳሜስ?»

«ቅዳሜ አርባው ነበር። ቆጥሬዋለሁ። ሁላችሁም በየሰበቡ ስትወጡ ወዴት እንደምትሄዱ አጣሁት? ብቻዬን ቤት ቀረሁ። ምን ላውጣለት? ያለኝ ይሄ ነው፤ ፊደሎቹን ሠርቼ ላክሁለት። አንተም እዚያ ሆነህ እንድታውቀው ጻፍኩልህ።»

«ክሊኒክ የነበርን ቀን ግን አስፈራሽኝ» አልኳት። «ሆድሽን እያዩሽ ሳለ እንዴት ላክሽው?»

ግንባሯን ቋጠረች። «የውሃውን ፕሮግራም? እሱን እኮ አንተ መስለኸኝ ነበር። ከኪስህ ስልክ አውጥተህ ስትነካካ አይቼህ።»

ሁለታችንም ወደ ላፕቶፑ ዞርን። ወደ ኋላ ሄዳ በሊዑል ስም የተላኩትን ዝርዝር አወጣች። የውሃው ፕሮግራም ተፈርሟል፣ ከሥሩ ያቺው መስመር አለች። ሀሹ ትክክል ነው።

«ሳይሞት በፊት ቀጠሮ አስይዞት ይሆናል» አለች። «እንዲህ ያደርግ ነበር።»

«ይሆናል» አልኩ። የዚያን ቀን የተላከው አዲስ ቨርዥን ጥር ላይ ገና አልወጣም ነበር፤ ሁለታችንም ቀኑን እያየነው ነው።  ስክሪኑን ቀስ ብላ ዘጋችው።

«አሁን ንገረኝ» አለች።

«እድል፣ ታውቂያለሽ እኮ።»

«ማወቄን አውቃለሁ። ንገረኝ ነው የምልህ። እንዲህ ሆኜ መውለድ አልችልም፣ መስፍን። ሆዴ ውስጥ ሁለት ነገር ይዤ አልወልድም።»

መጀመሪያ ግፊቷን ለካሁ። ከምኝታ ቤት ማሽኑን አምጥቼ ክንዷ ላይ አሰርኩት፤ ቁጥሩ ከፍ ያለ ነበር፣ ሐኪሟ ሮጣችሁ ኑ ያለችው ቁጥር ላይ ግን አልደረሰም። ፈራሁ። ልጃችንን በገዛ አፌ የምገድለው መሰለኝ። ለሐኪሟ ደውዬ የሆነውን ነገርኳት፤ ብቻዋን አትተዋት፣ በየሰዓቱ ለካት፣ ራስ ምታት ካላት አምጣት አለችኝ። ከዚያ ወለሉ ላይ፣ እግሯ ሥር ተንበረከክሁ። ስሙን ብቻ ጠራሁ። ስድስት ሳምንት ሙሉ እሱን ሆኜ ስጽፍ አንድም ቃል አላጣሁ፤ አሁን አንዲት ቃል አጣሁ። እድላዊት እጄን ይዛ ጠበቀችኝ። አላገዘችኝም።

«ሊዑል አርፏል» አልኳት። «ወንድምሽ ሞቷል።»

ጭንቅላቷን ነቀነቀች። አላለቀሰችም። «እትዬን ጥራልኝ» አለች። «ሰው ጥራልኝ።»

በአንድ ሰዓት ውስጥ የሕንፃችን መኪና ማቆሚያ ሞላ። መርዶ በማለዳ ነው፤ እኛ ግን እኩለ ቀን ላይ፣ ከሥራ የወጣው ከነዩኒፎርሙ፣ ታክሲ የሚነዳው ተሳፋሪውን አድርሶ፣ ነጠላ ያገኘው ነጠላውን ጣል አድርጎ መጣን። እድላዊት ፀጉሯን ፈትታ ሶፋው ላይ ተቀምጣ ነበር። እትዬ ዘርፈሽዋል በሩ ላይ ቆመው እሷን ሳይሆን መጀመሪያ እኔን አዩኝ፤ በቁጣ።

«ማነው የነገራት?»

 አፌን ከፈትኩ፤ ጀርመኑን፣ ኢሜሉን፣ ሦስተኛውን ቀን፣ ሁሉንም ልናዘዝ ነበር። እድላዊት ቀደመችኝ።

«መስፍን ነው የነገረኝ» አለች። «አሁን ነው የሰማሁት።»

ሁለት እጇን ራሷ ላይ ጫነችና «ወንድሜን!» ብላ ጮኸች፤ ሴቶቹም ተቀበሏት።